የድሬን ፀሐይ የቻለው ጆሮ

አይደለም አልኩ! ከውጭ የመጣ ዕቃ ላይ ስም ለጥፈን አይደለም። ሰርተነው ነው። እዚሁ ድሬ፣ አከራያችን ኤዶ ግቢ ውስጥ፣ ጣራው ላይ።

"ድሬ ላይ? የሳተላይት መቀበያ? አንተ?" ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ድሬ ላይ፣ የሳተላይት መቀበያ፣ እኔ። እሺ፣ እኔና ኢንጂነሯ። እሺ በቃ፣ ኢንጂነሯና እኔ። አሁን ደስ አላችሁ?

አንተ ደግሞ ከኋላ ቆመህ የምትስቀው፣ "ይሄ ልጅ ስምንተኛን መቼ ጨረሰ?" የምትለው፣ እኔ ስምንተኛን ሁለቴ ነው የተማርኩት። ስምንትና ስምንት አስራ ስድስት ነው፣ አስራ ስድስት ዓመት የተማረ ሰው ደግሞ ዲግሪ አለው። ሂሳቡ ካልገባህ ያንተ ችግር ነው።

ነገሩን ከስሩ ላስረዳችሁ፣ በኋላ አልገባኝም እንዳትሉኝ። ዲሽ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሳህኑን ሁሉም ሰው ያያል። ስራው ያለው ግን ሳህኑ ፊት ለፊት፣ ክንዱ ጫፍ ላይ የተሰካው ትንሽ ነገር ጋ ነው። የዲሽ ሰራተኛ ኤልኤንቢ ይለዋል፣ እኔ ጆሮ ነው የምለው። ሳተላይቱ እዚያ ላይ ሆኖ የሚልከው ነገር እኛ ጋ ሲደርስ ደክሞ፣ ሰልሎ፣ አልቆ ነው። ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ መሃል ቆመሃል እንበል። አህያ ያናፋል፣ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሽንኩርት ሻጯ ትጮሃለች፣ በዚያ ላይ አንድ ሰው ከማዶ በሹክሹክታ ስምህን ይጠራል። እንደዚያ ነው። ጆሮው ያቺን ሹክሹክታ ለይቶ ሰምቶ፣ አጉልቶ በገመድ ወደ ቤት መላክ አለበት።

ችግሩ ምንድነው? ጆሮው ራሱ ያወራል። ኤሌክትሪክ የገባበት ዕቃ ሁሉ ትንሽ ሽሽ ይላል፣ የራሱ ሹሹታ አለው። ኢንጂነሯ ኖይዝ ነው የምትለው። ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። የእኛ ስራ ያንን ሹሹታ ማሳነስ ነው፣ ሹክሹክታው እንዲሰማ። በቃ ይሄ ነው። ዩኒቨርስቲ ውስጥ ስንት ዓመት እንደሚያስተምሩት አላውቅም፣ እኔ ግን አሁን ለእናንተ ቆሜ ጨረስኩት።

ከውጭ የሚመጣው ጆሮ ብርድ አገር ተሞክሮ ነው የሚመጣው። ድሬ መጥቶ ስምንት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናቱ ላይ ስትቆም ያብዳል። አትፍረዱበት፣ እኛም በዚያ ሰዓት ስማችንን ብትጠሩን "እም" ብለን ግድግዳ ነው የምናየው። ለቤት ቴሌቪዥን ከሆነ ችግር የለውም፣ ትተኛለህ፣ ስትነሳ ተስተካክሎ ታገኘዋለህ። ግን ቆላ መሃል ያለ እርሻ፣ ከስልክ ማማ የራቀ ፋብሪካ ኢንተርኔቱ በሳተላይት ነው። እሱ ቀን ቀን ሲቋረጥበት ማን ላይ ይጩህ?

ወደዚህ ስራ ከመግባቴ በፊት ዲሽ ሰቃይ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ሰቃይ መሆን ስላልተሳካልኝ ጣራ ላይ ሰቃይ ሆንኩ። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ፣ ከደቻቱ ወዲያ፣ እስከ ዋሂል ድረስ እኔ ያልረገጥኩት ቆርቆሮ የለም። አንድ ቀን ከዚራ ሰፈር ያደገች፣ አባቷ ባቡር ላይ የሰራ አንዲት ኢንጂነር አዲስ አበባ ከርማ ተመልሳለች፣ ዲሽ የሚያነሳላት ሰው ትፈልጋለች ብለው ጠሩኝ። ሄድኩ። የኤዶ ግቢ ነው። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራት። ቀፊራ ቅመም ትሸጣለች፣ ሁለት ክፍልና ጣራዋን ለኢንጂነሯ አከራይታለች።

ኢንጂነሯ ጣራው ላይ ቆማ መለኪያዋን ታያለች፣ እኔ ዲሹን አቅፌዋለሁ።

"ወዴት ላዙረው?" አልኳት።

"አታዙረው። ዝም ብለህ ያዝልኝ።"

"ሁለቱን አንድ ላይ አልችልም። ወይ ዝም ማለቱን ወይ መያዙን ምረጪ።"

ቀና ብላ አየችኝ። አልሳቀችም። "እሺ፣ እያወራህ ያዝ" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያወራሁ እይዛለሁ። ለግማሽ ቀን የጠራችኝ ሴት እስካሁን ሂድ አላለችኝም።

ስራው እንዴት መሰላችሁ። እሷ ታች ክፍሏ ውስጥ በማጉያ መነፅር እያየች የጉንዳን እግር የሚያክሉ ነገሮችን ትበይዳለች። እኔ እዚያ ክፍል ስገባ መሳቅ አይፈቀድልኝም፣ ትንፋሼ ዕቃዋን ያበርርባታል። የእኔ ድርሻ የጆሮው ቤት ነው። አሉሚኒየሙን እቆርጣለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ ውሃ እንዳይገባው ጠርዙን አሽጋለሁ፣ ጣራ ላይ አውጥቼ እሰቅላለሁ። ከዚያ ታች ወርደን መለኪያውን እናያለን። ጠዋት "ዋው!" እንላለን። ከሰዓት ዝም እንላለን። ማታ አውርደን እንፈታዋለን።

ስንቱ ሞተብን! አንዱ ማሸጊያ ሙጫው ቀልጦ ወደ ውስጥ ፈሰሰበት። አንዱ ያለ ምክንያት ሞተ፣ ኢንጂነሯ ምክንያት አለው ብላ ሁለት ሳምንት ፈለገችው። አንዱ ውስጥ ደግሞ እንሽላሊት ገብታ ተኛችበት፣ እሷ ተመቻት፣ እኛ ተቃጠልን። የሞቱትን ባልዲ ውስጥ እንጥላቸዋለን። ባልዲው ሲሞላ "ሌላ ባልዲ ልግዛ ወይስ ስራ ልቀይር?" እላታለሁ፣ እሷ "ባልዲ ግዛ" ትለኛለች። ስራ ማለት እንደዚህ ያለ ሰው ጋ ነው።

በመጨረሻ አንድ ወጣ። ውስጡን እሷ እንደገና አሰበችው፣ ቤቱን እኔ። ድርብ ቆብ አደረግሁለት፣ በሁለቱ ቆብ መሃል ነፋስ ያልፋል፣ ፀሐይ የላይኛውን ብትጠብሰው ታችኛው ግድ የለውም። ሃሳቡ የማነው እንዳትሉኝ፣ ተከራክረን ነው ያመጣነው፣ ጮክ ብዬ የተከራከርኩት ግን እኔ ነኝ። ስምንት ሰዓት ላይ መለኪያውን አየን። አልወረደም። በማግስቱም አልወረደም። ኢንጂነሯ ስልኳን አንስታ አዲስ አበባ ደወለች።

የደወለችው የሳተላይት ኢንተርኔት ለእርሻና ለፋብሪካ የሚሸጥ ድርጅት ጋ ነው። እነሱም አንድ ሰው እንልካለን አሉ፣ በአይናችን እናያለን፣ ሙቀቱ ከብዶ እስኪበርድ ድረስ ሳይቋረጥ ከዋለ ስሩልን እንላለን። ካልዋለ ግን በቃ። ኢንጂነሯ ከዚህ በላይ በራሷ ገንዘብ መቀጠል አትችልም። አዲስ አበባ የድሮ መስሪያ ቤቷ ተመለሺ ብሏታል፣ ሻንጣዋን ይዛ ልትሄድ ነው። እኔም ወደ ቆርቆሮዬ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቆርቆሮው አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ እሷ ስትሄድ ማን ጋ እንደማወራ ነው።

እንግዳው በሚመጣበት ዋዜማ ኤዶ ግቢው ውስጥ ቅመም እየነፋች "ወሪያ" ብላ ጠራችኝ፣ አንተ ልጅ ማለቷ ነው።

"ወሪያ! ነገ ያ ሰውዬ የሚመጣው ምን ሊያደርግ ነው?"

"ጆሮው ሙቀት መቻሉን ሊያይ ነው፣ ኤዶ።"

"ካልቻለስ?"

"ከሞቀው ያብድና ምንም አይሰማም። ከዚያ ኢንጂነሯም ትሄዳለች።"

ወንፊቱን አስቀመጠችው። "ትሄዳለች? ወዴት ነው የምትሄደው? አቦ ተው!"

"አዲስ አበባ።"

"ታዲያ እንዳይሞቀው አታደርጉም እንዴ?"

"አድርገናል፣ አትጨነቂ።"

"ሀዬ" አለች። እሺ ማለቷ ነው። ወንፊቷን አነሳች፣ እኔም ሄድኩ። ምን ላውቅ?

እንግዳው ጠዋት መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙ ገና ከበሩ ረጥቧል። እኔ "ግባ፣ ግባ፣ እዚህ ጥላው ጋ ቁጭ በል" ስለው ትንሽ ደንገጥ አለ። ኢንጂነሯ በጆሮዬ "እርስዎ በል!" አለችኝ። እኔ እርስዎ የሚባል ነገር ድሬ ውስጥ የት ነው የማገኘው? እዚህ ሽማግሌውንም ሹሙንም አንተ ነው የምንለው፣ የምናከብረውን ደግሞ ጥላው ጋ እናስቀምጠዋለን። አስቀመጥኩት አይደል?

ጣራ ወጥቶ ጆሮውን አየው፣ ነካው፣ ቆቡን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ታች ወርዶ መለኪያው ፊት ተቀመጠ። ኳሊቲው፣ የምንሰማው ነገር ጥራት ማለት ነው፣ ላይ ነው፣ ቀጥ ብሎ። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ቀጥ። ስድስት ሰዓት፣ ቀጥ። እኔ እየተንጎራደድኩ "አየኸው? አየኸው?" እለዋለሁ። እሱ "አየሁት" ይላል፣ እንደ ዳኛ።

ምሳ ሰዓት ላይ ኤዶ ሩዝ በስጋ ሰርታ በሌላኛው ክፍል አቀረበችልን። "ብሉ፣ ከዚያ ጋደም በሉ፣ በዚህ ሰዓት የሚሰራ ሰው እብድ ነው" ብላን ወጣች። እውነቷን ነው፣ በዚያ ሰዓት ድሬ ይዘጋል። ሱቁ ተዘግቷል፣ ባጃጁ ዛፍ ስር ነው፣ ነጂው እግሩን አውጥቶ ተኝቷል። እንግዳው አንድ ሁለቴ ጎረሰና "አሁን ነው ማየት ያለብኝ" ብሎ ተነሳ። ተከተልነው።

ኳሊቲው ወድቋል። ትንሽ አይደለም የወደቀው። መሬት ነው የነካው።

ኢንጂነሯ ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ቆመች። ገመዱን ነቅላ ሰካች። የኤሌክትሪኩን ሳጥን አየች። ሌላ ገመድ ቀየረች። ምንም የለም። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ድንገት ነው የወረደው?" አላት እንግዳው።

"ለምሳ ስንነሳ ደህና ነበር" አለች።

"እንግዲህ ሙቀቱ የከበደው አሁን ነው። የፈራነው ነገር ይሄው ነው።" ክፉ ሰው አይደለም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያላት። "በጣም ጥሩ ሙከራ ነበር። እውነቴን ነው።"

ነበር! ነበር አላት፣ ሰማችሁ? ኢንጂነሯ ዞረች። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን መሳሪያዎቿን አንድ በአንድ ወደ ሳጥን መመለስ ጀመረች። እጇ ላይ ስራ ካጣች መሳሪያ ትሰበስባለች፣ አውቃታለሁ፣ ያ ማለት አልቋል ማለት ነው።

እኔ "ጣራ ልየው" አልኩ።

"ምን ታያለህ? ውስጡ ነው የተቃጠለው" አለችኝ።

"እንግዲያው አስከሬኑን ላምጣ።"

ወጣሁ። መሰላሉ ብረት ነው፣ በዚያ ሰዓት ምድጃ ነው፣ እጄን እየነፋሁ ነው የወጣሁት። ጣራው ላይ ብቅ ስል ዲሹን አየሁ። ከዚያ ጆሮውን ፈለግሁ። ጆሮ የለም! በጆሮው ቦታ አንድ ትንሽ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ሦስት ቦታ ታስሮ፣ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

የድሬ ሰው ካልሆናችሁ ልንገራችሁ። እኛ ውሃ የምናቀዘቅዘው እንዴት ነው? ጀሪካኑን ጆንያ ታለብሰዋለህ፣ ጆንያውን ውሃ ታጠጣዋለህ፣ ነፋስ የሚመታው ቦታ ታስቀምጠዋለህ። ጆንያው እየደረቀ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ፍሪጅ የለ፣ መብራት የለ። የኤዶን ጀሪካን ውሃ ጠጥቶ ጥርሱን ያልያዘ የሰፈር ሰው የለም። እና ኤዶ፣ ልጅቷ እንዳትሄድባት ብላ፣ እኛ ሩዟን ስንበላ ጣራ ወጥታ ጆሮውን ልክ እንደ ጀሪካኗ አልብሳዋለች። አንገቱን፣ ቆቡን፣ አፉን፣ ሁሉንም። ሳተላይት ደግሞ ከሁሉም ነገር የሚጠላው ውሃ ነው። እርጥብ ነገር ሹክሹክታውን ይውጠዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ቴሌቪዥናችሁ የሚቆራረጠው ለምን መሰላችሁ?

ሳቅ ያዘኝ። ወላሂ፣ ክርስቲያን ሆኜ ወላሂ የምለው ድሬ ስላደግሁ ነው፣ ወላሂ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ቁጭ አልኩ፣ ሲሚንቶው ቂጤን ሲጠብሰኝ ተነሳሁ፣ እንደገና ቁጭ አልኩ።

ኢንጂነሯ ከታች "ምንድነው? ተቃጠለ?" ትላለች። መመለስ አልቻልኩም። እንግዳው "እያለቀሰ ነው መሰለኝ" ሲላት ሰማሁት፣ ባሰብኝ።

ወጣች። አየችው። እሷ አልሳቀችም። ቀስ ብላ ሄዳ ሲባጎውን ፈታች፣ ጆንያውን አነሳች፣ የተኛ ሕፃን እንደምትገልጥ እናት። የጆሮው አፍ ላይ ያለው የላስቲክ ክዳን ውሃ በውሃ ሆኗል። ቲሸርቴን አውልቄ ጠረግሁት። የቀረውን ያቺ ሙሉ ዓመት ስንሰድባት የከረምነው የድሬ ፀሐይ ባንዴ ላሰችው።

"መለኪያውን ማን ይይ?" አለች። ሁለታችንም ጣራ ላይ ነን።

"አንተ!" ብዬ ወደ ታች ጮህኩ። "ወንድሜ! ግባና እየው!"

ገባ። ከዚያ ያ ዝምተኛ ሰውዬ ከክፍሉ እየሮጠ ወጣ፣ ሩዝ አገጩ ላይ አለ፣ ሁለት እጁን አንስቶ "ወጣ! ወጣ! ኳሊቲው ወጣ!" ይላል፣ ጎል እንዳገባ ሰው። ቀና ሲል እያየነው መሆኑን አየና ሸሚዙን አስተካከለ። "ወደ ቦታው ተመልሷል" አለ።

በዚህ መሃል ኤዶ በጆግ ውሃ ይዛ መሰላሉን እየወጣች ነው። ጆንያውን ደግማ ልታጠጣ። ባዶውን ጆሮ አየችው።

"ማነው የፈታው?! ወሪያ፣ አንተ ነህ? በዚህ ፀሐይ ራቁቱን አስቀርተኸው? ራስህስ ለምን ራቁትህን ሆንክ?"

"ኤዶ፣ ጆሮውን እኮ ደፈንሽው!"

"ምን ደፈንኩት? አቀዘቀዝኩት እንጂ! ሞቀው ስትል አልነበር?"

ኢንጂነሯ "ኤዶዬ፣ ውሃ ካለበት ሳተላይቱን አይሰማም" አለቻት።

"ከሰማይ ያለውን የሚሰማ ነገር አንዲት ጆንያ አቃተችው? እንዲህ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?" ብላ ወደ ታች ዞረች፣ እንግዳው ላይ። "አንተስ? ልጅቷን ልትወስድብኝ ነው የመጣኸው?"

"ኧረ እኔ ማንንም አልወስድም፣ እናቴ" አለ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ።

"እንግዲያው ምን ያስሮጥሃል? ግባና ሩዝህን ጨርስ፣ ቀዘቀዘ!"

ገባና ጨረሰ፣ ምን ያድርግ።

አሁን "ታዲያ ጆንያ ማንሳት ምን ያስኮራል?" የምትሉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ገና አልጨረስኩም። እንግዳው "ውሃው አቀዝቅዞት እንደሆነስ? ከአሁን ጀምሮ እንየው" አለ። ልክ ነው፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። መለኪያው ፊት ተቀመጥን፣ ሦስታችንም፣ ኤዶም በሩ ላይ፣ ውሃ እንዳታጠጣ ጆጉን ተቀብያታለሁ። ፀሐይዋ ያለ የሌለ ኃይሏን አወረደችው። የግቢው በር ቆርቆሮ ቋ፣ ቋ ይላል። እኔ፣ ይሄ የማወራው እኔ፣ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ኢንጂነሯ ዞር ብላ አየችኝ፣ አሞህ ነው እንዴ አለችኝ። ኳሊቲው ትንሽ ነቅነቅ ሲል ልቤ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ልቤም ይመለሳል። ሱቆቹ ተከፈቱ፣ ባጃጆቹ ተነሱ፣ ጥላው የግቢውን ግድግዳ ይዞ ወጣ፣ ነፋስ መጣ። አልወረደም።

እንግዳው ተነሳና እጁን ለኢንጂነሯ ዘረጋላት። "ስሩልን" አላት። "እዚሁ ስሩት። አዲስ አበባ ብትሰሪው ይሄን ፀሐይ ከየት ታመጪዋለሽ?"

ኢንጂነሯ አመሰገነችው፣ እስከ በሩ ሸኘችው፣ ተመለሰች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ የክፍሉ ሲሚንቶ ላይ ጋደም አለች፣ እንቅልፍ ወሰዳት። አፏን ከፍታ! ያን ሁሉ የተማረ ሰው ሲያንኮራፋ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ኤዶ ነጠላ አለበሰቻትና "ሹሽ፣ አትንካት፣ አትሄድም" አለችኝ። እኔም ቲሸርቴን አገላብጬ ለብሼ ወጣሁ። ደቻቱን በድልድዩ መሻገር ሲገባኝ አሸዋው ውስጥ ወረድኩ፣ ደረቅ ነው፣ መሃሉ ላይ ቆሜ ቀኑን ሙሉ የያዝኩትን ጩኸት ለቀቅሁት። ድልድዩ ላይ ያሉ ሰዎች እብድ ነው አሉ። ይበሉ። ያን ቀን እብድ ብትሉኝ እስማማ ነበር፣ ውሸታም ብትሉኝ ግን አልስማማም።

አሁንም ውሸት ነው ካላችሁ፣ እኔን አትመኑኝ። እግር አላችሁ አይደል? ሂዱ ግቢው ድረስ። ኢንጂነሯ እየበየደች ከሆነ አትተንፍሱባት፣ ቆማችሁ ጠብቋት፣ ትነግራችኋለች። እንግዳውንም ጠይቁት፣ ሲሮጥ ያየው ሰፈር ሁሉ አለ። ኤዶን ቀፊራ ቅመም ተራ ታገኟታላችሁ፣ ግን ጆንያ የሚለውን ቃል ያነሳ ሰው ቁንዶ በርበሬ አይሸጥለትም፣ ቀድሜ ነግሬያችኋለሁ። ጠይቁ! ያን ቀን እዚያ የነበረውን ማንንም ጠይቁ!